ሞተር ለተቀየረለት መኪና ፍሪሲዮን መምረጥ

ፍሪሲዮን፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን ክፍል፣ ለመግዛት ስትደውሉ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የመኪናውን ሞዴል ነው። የእኔ መኪና ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ የላትም። አካሏ ኢ30 የሚባለው የ1989 ቢኤምደብሊው 318አይ ነው። ሞተሯ ከኢ30 ቀጥሎ ከመጣው ከኢ36 328አይ ላይ የወረደ ባለ 6 ሲሊንደር ኤም52ቢ28 ነው። ካምቢዮዋ ደግሞ ከሌላ ኢ36፣ ከ325አይ የመጣ ባለ 5 ማርሽ ነው። ሦስቱንም ዘርዝሬ ስጨርስ ሻጩ ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ የቱን ልስጥህ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን በስልክ የሚያልቅ አይደለም።

እዚህ ላይ ሲደርስ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አውቃለሁ። ካታሎግ ይከፍትና ከሁሉም ጠንካራ የተባለውን ያዛል። «ሞተሩ ጉልበተኛ ነው፤ እንዳይንሸራተት ስቴጅ 3 ስጠኝ» ይላል። ስቴጅ የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ደግሞ የጋራ መለኪያ የለውም። አንዱ አምራች ስቴጅ 2 የሚለውን ሌላው ስቴጅ 1 ሊለው ይችላል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዕቃው የተሻለ ይመስላል እንጂ ስለ እናንተ መኪና የሚናገረው ነገር የለም። የእኔ አካሄድ ሌላ ነው። መጀመሪያ መግጠሙን ማየት፣ ቀጥሎ አቅሙን ማስላት፣ በመጨረሻ ሥራውን ከሚችሉት መካከል ለስላሳውን መውሰድ። በሙያዬ ቀያሽ ነኝ፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ያልለካሁትን ነገር የማላምነው።

ፍሪሲዮን ሁሉም ነገር በአንድ ካርቶን ተጠቅልሎ ይሸጣል። ሞተሩና ካምቢዮው አብረው ከፋብሪካ ለወጡ መኪና ይህ በቂ ነው። ከተለያየ ቦታ ሲመጡ ግን ካርቶኑን በትኖ የእያንዳንዱን ዕቃ ባለቤት መለየት ያስፈልጋል። ቮላኖው፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ የሞተሩ ነው፤ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ በብሎን ይታሰራል። ሸራውን (የሚፋተገውን ክብ ሳህን) ቮላኖው ላይ የሚጫነው ፕሬዠር ፕሌት የቮላኖው ነው፤ የብሎን ቀዳዳው ከእሱ ጋር መገጣጠም አለበት። ሸራው ሁለት ጌታ አለው። የውጭ ስፋቱ ለቮላኖው ይታዘዛል፤ መሃሉ ላይ ያለው ባለ ጥርስ ቀዳዳ ደግሞ ለካምቢዮው ዘንግ። ፔዳል ሲረገጥ የፕሬዠር ፕሌቱን ጣቶች የሚገፋው ኩሽኔታ የካምቢዮው ነው፤ ቁመቱ ግን ከጣቶቹ ጋር መስማማት አለበት። ከዚያ የፔዳሉን ግፊት በዘይት የሚያስተላልፉት ፖምፓዎች አሉ። የላይኛው ፔዳሉ ጋ ስለሚቀመጥ የአካሉ ነው። የታችኛው ካምቢዮው ላይ ስለሚታሰር የካምቢዮው ነው። አንድ ፔዳል ለመርገጥ ሦስት መኪና ይስማማል ማለት ነው።

ከጥርሱ እንጀምር። በጂኤም ኤልኤስ ሞተር ላይ ቲ56 ካምቢዮ ሲመጣ ዘንጉ 26 ጥርስ ነው። የድሮው የፎርድ ማስታንግ ቲ5 ካምቢዮ 10 ጥርስ ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት አያሳስብም፤ አይገባም፣ በቃ። የሚያሳስበው የጥርሱ ቁጥር አንድ ሆኖ ዲያሜትሩ ወይም የጥርሱ ቅርጽ በትንሹ ሲለያይ ነው። ያ በግድ ይገባል፤ ወይም ልል ሆኖ ይገባል። ሁለቱም ካምቢዮው ተገጥሞ መኪናው መሬት ከነካ በኋላ ነው የሚታወቁት።

የእኔ ካምቢዮ ባለ 10 ጥርስ ነው። ሸራውን ከማሰሬ በፊት ዘንጉ ላይ ለብቻው ሞከርኩት። ጥርሶቹን በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁና ሸራውን በሁለት ጣት ገፋ አደረግሁት። ሳይነክስ እስከ መጨረሻው ሄደ። ጫፉን ይዤ ግራና ቀኝ ሳዞረው የሚሰማ ክፍተት አልነበረውም። አሮጌው ሸራ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ የጥርሶቹን ጎን በጥፍሬ ዳሰስኩ። እዚያ ጥፍር የሚይዝ እርከን ካለ አዲሱ ሸራ እዚያው እየተቀረቀረ አይላቀቅም፤ ፔዳሉ መሬት ድረስ ተረግጦም ማርሽ ሲገባ ይንቋቋል። የእኔው ለስላሳ ነበር። ከዚያ እንደ ጥላ የሳሳ ግሪስ ቀብቼ ሸራውን አስገባሁ፣ አወጣሁ፣ ተገፍቶ የወጣውን ትርፍ በጨርቅ ጠረግሁ። እዚህ ላይ ለጋስ መሆን አያስፈልግም። ትርፍ ግሪስ ሞተሩ ሲዞር ተረጭቶ የሚያርፈው ሸራው ላይ ነው።

ሞተሬ የወጣው አውቶማቲክ ከነበረ መኪና ነው። ብዙ የተቀየሩ ሞተሮች እንዲህ ናቸው። ይህ ማለት ቮላኖ የለም፤ በምትኩ ኮሎው ላይ የታሰረው ስስ ሳህን ነው። ሳህኑ ስስ ስለሆነ ብሎኖቹም ለእሱ የተለኩ ናቸው። እነዚያን ብሎኖች ለወፍራም ቮላኖ መጠቀም ማለት በጥቂት ጥርስ ብቻ ማሰር ማለት ነው። ሌላው የሚረሳው የኮሎው ጫፍ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጠው ትንሹ ኩሽኔታ ነው። የካምቢዮው ዘንግ አፍንጫ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። አውቶማቲክ እንዲህ ያለ ዘንግ ስለሌለው ፋብሪካው ብዙ ጊዜ አይጨምርበትም። ጉድጓዱን በባትሪ አይቼ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አዲስ ገዝቼ አስገባሁ። ያለ እሱ መኪናው ይነዳል፤ ለጊዜው። የዘንጉ ጫፍ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚዞር ግን የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ይበላል፤ ጥፋቱም ለአዲሱ ፍሪሲዮን ይሰጣል።

አሁን ወደ ቮላኖው። ለእኔ ትልቁ ምርጫ ሸራው ሳይሆን ይህ ነበር።

328አይ ከፋብሪካ የሚወጣው በድርብ ቮላኖ ነው። ሁለት ክብደቶች ናቸው፤ በመሃላቸው የታጠፉ ሞላዎች አሉ። አንዱ ከኮሎው ጋር ይዞራል፤ ሌላው ሸራው የሚያርፍበት ነው። ሞተር አንድ ወጥ ሆኖ አይዞርም፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ሲተኩስ ትንሽ ይገፋል፣ ከዚያ ትንሽ ይለግማል። ሞላዎቹ ያንን ግፊት ካምቢዮው ሳይሰማው ይውጡታል። ስለዚህ ለድርብ ቮላኖ የሚሠራው ሸራ መሃሉ ድፍን ነው፣ ሞላ የለውም። ነጠላ ቮላኖ ላይ ግን ያንን ሥራ የሚሠራ ሌላ ስለሌለ ሞላዎቹ ሸራው መሃል ላይ ይቀመጣሉ፤ እነዚያ ክብ በክብ የምታዩአቸው አጫጭር ሞላዎች።

ሞተር ሲቀየር ብዙ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ነጠላ ቮላኖ ይገዛና የድርቡን ድፍን ሸራ ያስርበታል። ዲያሜትሩ ይገጥማል፣ ጥርሱም ይገጥማል፣ ብሎኑም ይገባል። መኪናው ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቆሞ ሲቀር ግን ካምቢዮው ውስጥ ድንጋይ የተከተተ ይመስል ይንቃጫል። ፔዳል ሲረገጥ ድምፁ ይጠፋል። ባለቤቱ ካምቢዮው ሄደ ብሎ ሌላ ካምቢዮ ፍለጋ ይወጣል። ካምቢዮው ደህና ነበር። የጎደለው ሞላ ነው።

ነጠላ ቮላኖ እኔንም ፈትኖኛል። የኢ30 325አይ ሞተር፣ ኤም20ቢ25፣ ነጠላ ቮላኖ አለው፤ በኤም50 እና በኤም52 ኮሎ ላይም ይታሰራል። ይህን የሞተር ቤተሰብ ኢ30 ውስጥ የሚከቱ ብዙ ሰዎች የሚመርጡት እሱን ነው። ሸራው 228 ሚሊሜትር ነው፤ ዕቃው ቀላል ነው፤ ሞተሩ ዙር ቶሎ ያነሳል። አንድ አሮጌ እጄ ላይ ነበር። እሱንና ያገለገለ የ328አይ ድርብ ቮላኖ ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ፊታቸው እንዲላጭልኝ ነው ሐሳቤ።

ቶርኖ የሚሠሩት ሰውዬ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። ድርቡን አነሱና በሁለት እጃቸው ይዘው ላዩን ጠመዘዙት። በጥቂቱ ዞረና ሞላው መለሰው። አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይሄን አልነካም።»

«ለምን ጋሼ? ትንሽ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ እኮ ነው ያለው።»

«ይሄ አንድ ዕቃ አይደለም። ላዩን ስላጭ ታቹ ይወዛወዛል። ሰማያዊውም ሙቀት ነው፤ እዚያ ቦታ ብረቱ ጠንክሯል። ላዩን ባነሳልህ ጥንካሬው ከሥር ይቀራል። ተወው፣ ሌላ ፈልግ።»

ነጠላውን ግን ሊሠሩልኝ ፈቃደኛ ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ። እርከን ያለው ቮላኖ ከሆነ፣ ሸራው የሚያርፍበትን ፊት ስናወርድ ፕሬዠር ፕሌቱ የሚታሰርበትንም በዚያው ልክ ማውረድ አለብን አሉ። አንዱ ብቻ ከወረደ ፕሌቱ ሸራውን የሚጫንበት ጉልበት ይቀንሳል። በካሊብሮ ለክተው ቁጥሩን በኖራ ጻፉልኝ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ያገለገለውን ድርብ ቮላኖ እዚያው ተውኩትና ሁለቱን አማራጮች ወረቀት ላይ አስቀመጥኩ። የ328አይው አዲስ ድርብ ቮላኖ ከ240 ሚሊሜትር ሸራ ጋር፣ ወይም የኤም20ው ነጠላ ከ228ቱ ጋር። ጥያቄው የትኛው ይችላል የሚል ነበር።

ሒሳቡ የሚያስፈራ አይደለም። ሸራው ሁለት ፊት አለው። በ2 ላይ የግጭቱን መጠን አባዙ፣ በፕሬዠር ፕሌቱ የመጫን ጉልበት አባዙ፣ በሸራው አማካይ ራዲየስ አባዙ። የሚወጣው ፍሪሲዮኑ ሳይንሸራተት የሚያስተላልፈው ቶርክ (የማዞር ጉልበት) ነው። የ240ውን ውጫዊ ዲያሜትር 240፣ ውስጣዊውን 155 ብለን እንያዝ። አማካይ ራዲየሱ 99 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ለተራ ኦርጋኒክ ሸራ ግጭቱን 0.3፣ ፕሌቱ የሚጫንበትን 6,500 ኒውተን ብንል 385 ኒውተን ሜትር ገደማ ይወጣል። ትክክለኛውን የመጫን ጉልበት ከአምራቹ መረጃ ውሰዱ፤ እኔ ለምሳሌ ነው ያስቀመጥኩት። ሸራው ሲግል ግጭቱ ስለሚወርድ በ0.25 ደግሜ አሰላሁት። 321 ሆነ። ኤም52ቢ28 የሚያወጣው 280 ኒውተን ሜትር ነው፣ በ3,950 ዙር። ግሎም ይችላል።

አሁን 228ቱን፣ ውስጣዊውን 150 ብላችሁ፣ በተመሳሳይ ጉልበት አስሉት። በ0.3 368 አካባቢ ይወጣል። ልዩነቱ ከ5 በመቶ በታች ነው! ሰው በሸራ ስፋት ላይ ብዙ ይከራከራል፤ ቁጥሩ ግን አቅምን በደንብ የሚለውጡት የመጫን ጉልበቱና የሸራው ዓይነት ናቸው ይላል። ትልቁ ሸራ የሚጠቅመው ይበልጥ ለሙቀትና ለዕድሜ ነው፤ የሚበላው ስጋ ብዙ ነው።

ልብ በሉ፣ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ፈረስ ጉልበት የለም። ፈረስ ጉልበት ቶርክና ዙር ተባዝተው የሚገኝ ነው። ፍሪሲዮን የሚያየው ቶርኩን ነው። 8,000 ዙር ላይ 200 ፈረስ የሚሰጥ ትንሽ ሞተርና 4,000 ዙር ላይ 200 ፈረስ የሚሰጥ ናፍጣ አንድ ዓይነት ፍሪሲዮን አይፈልጉም። ናፍጣው እጥፍ ቶርክ ያወጣል። ሻጭ ፈረስ ጉልበት ሲጠይቃችሁ ከፍተኛውን ቶርክና የሚገኝበትን ዙር ንገሩት።

ከዚያ ክብደት አለ፤ ይህን ማንም አያነሳም። መኪና ከቆመበት ሲነሳ ሸራው ላይ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይል፣ ፍሪሲዮኑ እስኪይዝ ድረስ መኪናው ካገኘው የእንቅስቃሴ ኃይል ጋር የሚቀራረብ ነው። 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ቢይዝ 12 ኪሎጁል ገደማ ነው። 1,200 ኪሎ ከሆነ ወደ 10 ይወርዳል። ኢ30 ከኢ36 ይቀላል። ስለዚህ ለ328አይ የተሠራው የፋብሪካ ፍሪሲዮን በእኔ መኪና ውስጥ ከለመደው ያነሰ ነው የሚሠራው። ከባድ ሞተር በቀላል አካል ውስጥ የከተተ ሰው ሁሉ ይህን ቢያስብ ግማሹ ስቴጅ 3 አይሸጥም ነበር። ተቃራኒውም እውነት ነው። ትልልቅ ጎማ ያሰራችሁ ወይም ተጎታች የምትጎትቱ ከሆነ፣ ሞተሩ ያው ቢሆንም ፍሪሲዮኑ ይበልጥ ይጋገራል። ተርቦ ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ ግፊቱን ስትጨምሩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ፍሪሲዮኑ ነው።

ስለ ሸራ ዓይነት ብዙ አልልም፤ ብዙ ተብሏል። ኦርጋኒኩ ለስላሳ ነው፣ ሲግል ይደክማል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ካቃጠላችሁት ግን አይመለስም። ኬቭላሩ ዕድሜ አለው፤ እስኪላመድ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ከተላመደ በኋላም ማጋልን አይወድም። ሴራሚክ ያላቸው፣ ሙሉ ክብ ሳይሆኑ 3፣ 4 ወይም 6 ቁራጭ ብቻ ያላቸው ሸራዎች ሙቀት አይፈሩም፤ ይይዛሉ፣ አጥብቀው ይይዛሉ።

የጓደኛዬ መኪና ባለ 4 ቁራጭ ነው፣ መሃሉም ድፍን። ቁልፉን ሰጠኝና አንድ ዙር ነዳሁት። ከ3ኛ ወደ 4ኛ ማርሽ ሲቀየር እውነትም ደስ ይላል፤ ሸራው ቀላል ስለሆነ ማርሹ ጠብ ነው የሚለው። ወደ ኋላ ለማቆም ስሞክር ግን ጉድ ፈላ። ፍሪሲዮኑ ወይ ይዟል ወይ አልያዘም፤ በመሃል ያለ ነገር የለም። መኪናው እንደ ፍየል እየዘለለ ነው ያቆምኩት። ጓደኛዬ ጎን ተቀምጦ ይስቃል። «ትለምደዋለህ» ይለኛል። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ትራክ ላይ ነው የሚነዳው። እኔ ጠዋት ሥራ፣ ማታ ቤት ነኝ፤ መንገዴም ቆም ሂድ፣ ቆም ሂድ ነው። ለእሱ ትክክል የሆነው ለእኔ ቅጣት ነው።

ጠንካራ ፕሬዠር ፕሌትም በነፃ አይመጣም። ፔዳሉ ሲከብድ እግር ይደክማል፤ ያ ቀላሉ ነው። የፕሌቱን ጣቶች ለመግፋት የሚወጣው ጉልበት በሙሉ የሚያርፈው ኮሎው ላይ ነው፤ ወደ ፊት ይገፋዋል። ያንን ግፊት የሚሸከመው ኮሎው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚይዘው ስስ ብሮንዚና ነው። መብራት ላይ ቆማችሁ ፔዳል ረግጣችሁ በጠበቃችሁ ቁጥር እሱ ይሠራል። ሞተሩን ለማግኘት ብዙ የደከመ ሰው፣ የማያስፈልገውን ጉልበት ገዝቶ የሞተሩን ብሮንዚና ሲበላ አይገባኝም።

ፔዳል ከበደ ብሎ ፖምፓ መቀየርም ሒሳብ አለው። የላይኛው ፖምፓ ከ15.87 ሚሊሜትር ወደ 19.05 ቢያድግ የሚገፋው ዘይት በ44 በመቶ ይጨምራል፤ ስፋቱ በዲያሜትሩ ካሬ ነው የሚያድገው። ፍሪሲዮኑ በአጭር ርግጫ ይላቀቃል። ፔዳሉ ግን በዚያው ልክ ይከብዳል። ትንሽ ፖምፓ ስታስገቡ ደግሞ ይቀላል፣ ግን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁም ላይላቀቅ ይችላል።

የኩሽኔታው አገፋፍ ሌላው ነው። አንዳንዱ ፍሪሲዮን ጣቶቹ ሲገፉ ይላቀቃል፤ አንዳንዱ ሲሳቡ። በአንድ ሞዴል ውስጥ እንኳ ይለያያል። ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር አር32 መጀመሪያ የሚገፋ ነበረው፤ ኋላ ላይ ወደሚስብ ተቀየረ። ሞተሩ ያው አርቢ26 ነው። የአንዱን ካምቢዮ ከሌላው ፍሪሲዮን ጋር የገዛ ሰው ሁለቱም ጥሩ ዕቃ ሆነው አይሠሩለትም።

የእኔው የሚገፋ ነው፤ ቁመቱን ግን ለካሁ። በካምቢዮው ካምፓና (ፍሪሲዮኑን በሚሸፍነው የፊት ቤት) አፍ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋደምኩና ከብረቱ እስከ ኩሽኔታው ፊት ያለውን ጥልቀት ወሰድኩ። ከሞተሩ በኩል ደግሞ ካምፓናው ከሚያርፍበት ፊት እስከ ጣቶቹ ጫፍ። ሁለቱን ሳነጻጽር ኩሽኔታው ጣቶቹን የሚያገኝበት ቦታ ታወቀ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ሸራው እየተበላ ሲሄድ የሚገፋው ዓይነት ፕሌት ጣቶቹ ወደ ካምቢዮው ይመጣሉ፤ የታችኛውን ፖምፓ ፒስተንም ወደ ኋላ ይገፉታል። ስለዚህ ሸራው አዲስ እያለ ፒስተኑ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። ከመጀመሪያው ግድግዳ ከነካ ሸራው ትንሽ እንደተበላ ኩሽኔታው ሁልጊዜ ጣቶቹን ተጭኖ ይቀራል፤ ፍሪሲዮኑም መንሸራተት ይጀምራል። ያኔ ሰው «ሸራው ደካማ ነው» ይልና የባሰ ጠንካራ ያስገባል።

በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ተጨማሪ ሳህን ያስገባችሁ ከሆነ ይህ ልኬት ግዴታ ነው። የሳህኑ ውፍረት ሁሉን ነገር ያርቃል፤ የዘንጉ አፍንጫም ትንሹን ኩሽኔታ ላይደርስበት ይችላል። ኮሎዎችም እርስ በርስ ይለያያሉ። በ1999 እና በ2000 ለፒክአፕ የወጡ አንዳንድ የኤልኤስ ቤተሰብ ሞተሮች የኮሎ ጫፋቸው ከሌሎቹ 10 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ከውጭ ስታዩት ሞተሩ አንድ ነው። ፍሪሲዮኑ ግን 10 ሚሊሜትሩን ያውቀዋል።

በመጨረሻ የወሰድኩት የ328አይውን የፋብሪካ ልክ ነው። አዲስ ድርብ ቮላኖ፣ የዛክስ 240 ሚሊሜትር ኦርጋኒክ ሸራ፣ መሃሉ ድፍን፣ ፕሌቱም የዚያው። ኩሽኔታውን ለካምቢዮው በሚሆነው ቀየርኩ። ነጠላው ቮላኖ መደርደሪያ ላይ አለ። መኪናዋን ለትራክ ባዘጋጃት ኖሮ እሱን ነበር የማስረው፣ መሃሉ ሞላ ካለው ሸራ ጋር። ሚኒሞ ላይ ጸጥ ብላ እንድትቆም ስለፈለግሁ ድርቡ አሸነፈ። ድርብ ቮላኖ ውድ ነው፣ ያልቃል፣ አይላጭም፤ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው።

ሳስር የኮሎውን የኋላ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ) ቀየርኩ። አዲስ ሸራ ላይ ዘይት የሚያንጠባጥብ አሮጌ ፓራኦሊዮ መተው የሚገባኝ ነገር አይደለም፤ ለመድረስ ካምቢዮውን እንደገና ማውረድ ነው። የቮላኖ ብሎኖቹም አዲስ ናቸው፤ በመስቀል ቅርጽ እየተዘዋወርኩ 105 ኒውተን ሜትር ድረስ። የፕሌቱን ብሎኖች እያንዳንዳቸውን ትንሽ ትንሽ፣ ግማሽ ዙር እያልኩ፤ አንዱን ጥርቅም አድርጎ ወደ ሌላው መሄድ ፕሌቱን ያጣምመዋል። የቮላኖውን ፊት በፍሬን ማጽጃ ጠረግሁ። ከዚያ በኋላ በባዶ እጄ አልነካሁትም።

የመጀመሪያዎቹን 800 ኪሎ ሜትሮች በቀስታ ነዳሁ። ሸራና ብረት እስኪተዋወቁ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር የከተማ መንገድ ይበቃል፤ ቆም ሂዱ ለዚህ ይጠቅማል። ከዚያ ፈተናው። ባዶ ቀጥ ያለ መንገድ፣ 4ኛ ማርሽ፣ 2,000 ዙር፣ ነዳጅ እስከ ታች። ዙሩ ከፍጥነቱ ቀድሞ ከወጣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። የእኔ ሁለቱ መርፌዎች እኩል ወጡ፤ 3,950ም አለፈ፣ ምንም የለም። ሽታም የለም።

ያልወደድኩት አንድ ነገር ፔዳሉ የሚይዝበት ቦታ ነው፤ ወደ ታች፣ ወደ ወለሉ ትንሽ ተጠግቷል። የላይኛው ፖምፓ የድሮው የ318አይ ነው፣ ቱቦውም የጎማ ነው፣ ዕድሜው ከሁሉም ይበልጣል። ፔዳሉ ሲረገጥ ቱቦውን በጣቴ ስይዘው እብጥ ሲል ይሰማኛል። እሱን በብረት ሽቦ በተጠለፈ ቱቦ ቀይሬ አየሩን ካወጣሁ በኋላ ነው ፔዳሉን የማስተካክለው።